ፓሴጁን አትዝለሉት፦ ከፍትሐ ነገሥት እስከ ማትሪክ

የዛሬው ረዘም ይላል። ስለ ንባብ እየጻፍኩ ማሳጠር አልሆነልኝም፣ ታገሡኝ። ቡና አስፈልታችሁ ቁጭ በሉ።

የፈተና ሰሞን በመጣ ቁጥር ኢንቦክሴ በአንድ ዓይነት ጥያቄ ይሞላል። «ቲቸር፣ እንግሊዝኛው ላይ ፓሴጁን ልዝለለው? ጊዜ ይበላል።» ወይም ደግሞ «ጥያቄውን አይቼ ቃሉን ፓሴጁ ውስጥ ብፈልገው አይሻልም?» ጠያቂዎቹ አብዛኞቹ የሶሻል ተማሪዎች ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ምን ልታጠኑ ነው ስላቸው ደግሞ ብዙዎቹ «ሕግ» ይላሉ። እንዴ! ሕግ ልማር የሚል ሰው ፓሴጅ ይዘላል? ዓሣ አጥማጅ መሆን እፈልጋለሁ፣ ውኃ ግን አልወድም እንደማለት ነው እኮ።

ዛሬ የምላችሁ ነገር አንድ ነው። በዚህች አገር የሕግ ታሪክ ማለት በሌላ ሰው ቋንቋ የተጻፈን ጽሑፍ ቁጭ ብሎ የመረዳት ታሪክ ነው። ፓሴጅ ከእንግሊዝኛ ጋር የመጣ የፈረንጅ ፈተና አይደለም። የእኛ ሊቃውንት ከማትሪክ በፊት ብዙ መቶ ዓመት ሲሠሩት ኖረዋል። ይሄ ከገባችሁ ፈተናውን የምታዩበት ዓይን ይለወጣል ብዬ አምናለሁ።

መጀመሪያ ፈተናውን እንወቀው። አሜሪካ ውስጥ ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚፈተኑት ራሱን የቻለ ፈተና አለ፣ «ኤልሳት» ይሉታል። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ከክፍሎቹ አንዱ የንባብ ክፍል ነው፤ 35 ደቂቃ ይሰጣል፣ አራት ንባቦች አሉት፣ ከአራቱ አንዱ ደግሞ ሁለት አጫጭር ጽሑፎችን እያነጻጸሩ የሚሠራ ነው። ርዕሶቹ ከሕግ፣ ከማኅበረሰብ ሳይንስ፣ ከሥነ ጥበብና ከተፈጥሮ ሳይንስ ይወሰዳሉ። የሚገርመው ግን የሕግ እውቀት አይጠይቅም። መልሱ ሁሉ ያለው ጽሑፉ ውስጥ ነው። «ጸሐፊው ምን አለ? ምን አላለም? ካለው ተነስቶ ምን ማለት ይቻላል?» ነው የሚሉት። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ እንቆቅልሽ የሚመስለውን የሎጂክ ጨዋታ ክፍል ከፈተናው አወጡት፤ ንባቡን ግን አልነኩትም።

እኛ ጋር ለሕግ ብቻ ተብሎ የሚሰጥ አገር አቀፍ መግቢያ ፈተና የለም። በሩ የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። እንግሊዝኛው ውስጥ ፓሴጅ አለ፣ አፕቲትዩዱም በቃልና በሐሳብ ዝምድና ይፈትናችኋል፣ ታሪኩና ጂኦግራፊውም ቢሆን በእንግሊዝኛ ነው የሚነበበው። ስለዚህ ወደ ሕግ የምታስገባው በር ንባብ ናት። ከገባችሁ በኋላም አትለቃችሁም። የሕግ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና መፈተን የጀመሩት ከሌሎቹ ዘርፎች ዓመታት ቀድመው ነው። በ2015 ዓ.ም. ነው ለሁሉም የሆነው።

አሁን ወደ ታሪኩ።

ፍትሐ ነገሥትን ሁላችሁም በስም ታውቁታላችሁ። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በዐረብኛ ያዘጋጀው ኢብን አል-አሳል የተባለ የቅብጥ ሊቅ ነው። 51 አንቀጽ አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 22 መንፈሳዊ፣ ቀሪዎቹ ሥጋዊ ናቸው። ከዚያ ወደ ግዕዝ ተመለሰ። የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህንን ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ልብ በሉ፤ የሕግ መጽሐፋችን ከመጀመሪያው ትርጉም ነው። ተርጓሚው ዐረብኛው የከበደበት ቦታ ስላለ ግዕዙ የሚያስቸግርበት ዓረፍተ ነገር አለ። ሕዝቡ ደግሞ ግዕዝ አይናገርም። እንግዲህ ዳኛው ምን ያድርግ?

መልሱ የአንድምታ ጉባኤ ነበር። ፍትሐ ነገሥት በመጻሕፍት ቤት ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋር ይሰጥ ነበር፣ ዛሬም ይሰጣል። አሠራሩን ላስረዳችሁ። አንድ ተማሪ ግዕዙን ያነባል። መምህሩ መጀመሪያ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይመልሱታል። ከዚያ «አንድም» ብለው ሁለተኛ ፍቺ ያመጣሉ። እንደገና «አንድም» ብለው ሦስተኛ። ለሚሰጡት ፍቺ ማስረጃ ከሌላ ቦታ ጠቅሰው «እንዲል» ይላሉ። እንዲያው ከሜዳ ተነስቶ «እኔ እንደመሰለኝ» ማለት የለም። የትኛው ቃል ላይ ቆመህ ነው ይሄን ያልከው? አሳይ!

ይሄንን የእንግሊዝኛ ፈተናችሁ ላይ አስቀምጡት እስቲ። ቃል በቃል መፍታት የቃል ትርጉም ጥያቄ ነው። «አንድም» ማለት ከአማራጮቹ ሌላ ሊሆን የሚችለውን መመዘን ነው። «እንዲል» ማለት መልሱን ያገኘህበትን መስመር ማሳየት ነው። ዐፄዎቹ በዙፋን ችሎት ሲቀመጡ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ ፍትሐ ነገሥት አዋቂ ሊቃውንት አንቀጹን አንብበው ያስረዱ ነበር። በዚያ ችሎት አንድ ቃል መሳት ማለት የሰው እጅ ወይም የሰው አንገት ነው። ፓሴጁን ዘልሎ መልስ መገመት እዚያ አይሠራም።

ንባቡ ብቻ አይደለም። ማንበብ የማይችለውም ሕዝብ በጆሮው ይሠራው ነበር። «ተጠየቅ» ሲባል፣ «በላ ልበልሃ» ሲባል፣ ተከራካሪው የባላጋራውን ቃል አንዲት ሳትወድቅ ይዞ፣ ያለውንና ያላለውን ለይቶ ነው የሚመልሰው። ያላለውን «ብለሃል» ካለ ተረታ። ይሄም ኮምፕሪሄንሽን ነው፣ በጆሮ ይሁን እንጂ።

ወደ ቤታችን እንምጣ። በ1887 ዓ.ም. የካዎ ጦና መንግሥት በዐፄ ምኒልክ ጦር ተሸነፈ። የጦርነቱን ታሪክ ሌላ ጊዜ ጽፌዋለሁ፣ አሁን አልመለስበትም። ለዛሬው የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ወላይታ ጉዳዩን በዱቡሻ በጪማዎች ፊት፣ በራሱ ቋንቋ ይጨርስ ነበር። ከዚያ በኋላ ዳኛውም አቤቱታውም በአማርኛ ሆነ፣ ከአማርኛው ጀርባ ያለው መጽሐፍ ደግሞ በግዕዝ ነው። በገበሬውና በፍርዱ መካከል አስተርጓሚ ገባ። አስተርጓሚው ቀና ከሆነ ተረፍክ። ካልሆነ መሬትህ እንዴት እንደሄደ ሳታውቅ ትሄዳለች። አያቶቻችን ጸሐፊና አስተርጓሚ የሚፈሩት በከንቱ አይደለም። ያልገባህ ወረቀት ምን እንደሚያደርግ አይተዋል።

ሕጉ ራሱስ እየተለወጠ መጣ። በ1923 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ወጣ፣ መሠረቴ ፍትሐ ነገሥት ነው ይላል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን በ1946 ዓ.ም. የሕግ ኮሚሲዮን ከተቋቋመ በኋላ ነው። የወንጀለኛ መቅጫውን ሕግ ያረቀቀው ዣን ግራቫን የሚባል የስዊስ ሰው ነው፣ በ1949 ወጣ። የፍትሐ ብሔሩን ያረቀቀው ሬኔ ዳቪድ የሚባል የፈረንሳይ ፕሮፌሰር ነው፣ በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ መስከረም 1 ቀን 1953 በሥራ ላይ ዋለ። 3,367 ቁጥሮች አሉት። ሁለቱም ያረቀቁት በፈረንሳይኛ ነው። ከዚያ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ።

አያችሁ? ታሪክ ራሱን ደገመ። ዐረብኛ ወደ ግዕዝ፣ ፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ። እንደገና ሕጋችን በሰው ቋንቋ ተፀንሶ በእኛ ቋንቋ ተወለደ። አማርኛውና እንግሊዝኛው የማይገጣጠሙባቸው ቦታዎችም አሉ። የሕግ ሰዎች እንደዚያ ሲገጥማቸው ሁለቱን ጎን ለጎን ያደርጋሉ፣ አንዳንዴም ፈረንሳይኛውን ይፈልጋሉ። ፕሮፌሰር ጆርጅ ክርዜቹኖቪች የተባሉ የሕግ መምህር በዚህ ሥራ ይታወቃሉ። ሥራቸው ምን ነበር ብትሉኝ፣ ፓሴጅ ማንበብ እላችኋለሁ።

የሕግ ፋኩልቲው የተከፈተው ስድስት ኪሎ ነው፣ በ1956 ዓ.ም.፣ ያኔ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል በነበረው። የመጀመሪያው ዲን ጄምስ ፖል የሚባሉ አሜሪካዊ ነበሩ። መምህራኑ በብዛት የውጭ ሰዎች፣ ትምህርቱም በእንግሊዝኛ። የሚማሩት ሕግ ግን የኢትዮጵያ ነው፣ ሲወጡ የሚዳኙት በአማርኛ ነው። የዚያን ጊዜ ተማሪዎች በእንግሊዝኛ ተምረው፣ ከፈረንሳይኛ የተተረጎመ ሕግ፣ በአማርኛ ችሎት ላይ ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ይኸው ፋኩልቲ አባ ጳውሎስ ጻድዋ የተረጎሙትን የፍትሐ ነገሥት እንግሊዝኛ ትርጉም አሳተመ። ያ ከዐረብኛ የመጣው መጽሐፍ በግዕዝ አድርጎ እንግሊዝኛ ደረሰ። ስለዚህ «ቲቸር፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋዬ ነው፣ እንዴት ከአዲስ አበባ ልጅ ጋር እወዳደራለሁ» የምትሉኝ ልጆች፣ ስሙኝ፦ የዚህች አገር ሕግ በሦስተኛ ቋንቋ ያልተነበበበት ዘመን ፈልጋችሁ አታገኙም። ችግራችሁ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ብቻችሁን አይደላችሁም።

አንድ ምሳሌ ከፍትሐ ብሔሩ ላምጣ፣ ቁጥር 3347። በራሴ አነጋገር ሳስቀምጠው እንዲህ ነው፦ በግልጽ ሌላ ነገር ካልተባለ በቀር፣ ይህ ሕግ በያዛቸው ጉዳዮች ላይ በፊት ይሠራባቸው የነበሩ ደንቦች፣ የተጻፉም ይሁኑ የልማድ፣ ተሽረዋል። ብዙ ሰው ይሄን ሰምቶ «በ1952 የአገር ልማድ ሁሉ ተሻረ» ይላል። ቀስ ብለን እናንብበው። አንደኛ፣ «ካልተባለ በቀር» አለ፤ ሕጉ ራሱ ለልማድ ቦታ የተወበት ካለ ልማዱ ይኖራል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ «በያዛቸው ጉዳዮች ላይ» አለ፤ ሕጉ ያልነካው ጉዳይስ? ስለዚያ ይቺ ቁጥር ምንም አላለችም። «ሁሉም ተሻረ» ያለው አንባቢ ሁለት ሐረግ ዘሏል። ሁለት ሐረግ ዘልሎ የዱቡሻን ሽማግሌ በአንድ ቀን አሰናብቷል!

በ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ አንቀጽ 34 ንዑስ 5ን እዩ። በግልና በቤተሰብ ጉዳይ ላይ ያለ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ መዳኘት ይችላል፣ ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ። «በፈቃድ» የምትለዋን ቃል ከዘለላችሁ አንዲት ሴት ሳትፈልግ ጉዳይዋ ወደ ሽማግሌ ሊሄድ ነው። የአንዲት ቃል ዋጋ ይሄ ነው።

ይኸው ሕገ መንግሥት የመረዳትን ነገር መብት አድርጎታል። አንቀጽ 19፣ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው ያዛል። አንቀጽ 20፣ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲቆምለት ያዛል። አያቶቻችን ያጡት ነገር መሆኑን ልብ በሉ። ሕገ መንግሥቱ 106 አንቀጽ አለው። የመጨረሻዋ፣ 106ኛዋ፣ ስለ ምን ናት? ስለ ንባብ ናት። የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው ነው ትላለች። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ አዋጅም እንዲሁ ነው፤ ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፣ ከተለያዩ አማርኛው ይጸናል። እንግዲህ በእንግሊዝኛ ተፈትኖ ሕግ የገባ ልጅ፣ በመጨረሻ ዳኛ ፊት የሚቆመው በአማርኛው ነው። በአንዱ ብቻ ማንበብ የሚችል ሰው ግማሽ ጠበቃ ነው።

እኛስ ወላይታ ላይ ስንት ዓይነት ንባብ አየን? በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ወላይታቶ መጀመሪያ ከተመረጡት ጥቂት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፣ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ያኔ በፊደል ያነበቡ አባቶችና እናቶች ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ ወላይታቶው በላቲን ሆኖ አገኙት። ቀጥሎ የ1992ቱ መጣ። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ቋንቋዎችን ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የሚባል መጽሐፍ ለትምህርት ቤት መጣ። ልጁ የቤቱን ቋንቋ አነባለሁ ብሎ ገልጦ ቃሉን መጥራት ይችላል፣ አይገባውም። ሶዶ ላይ ሕዝቡ ተነሳ። የሰው ሕይወት ጠፋ፣ መምህራንና ተማሪዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ቀረ፣ ወላይታም በ1993 የራሱ ዞን ሆነ። ያኔ እኔ ልጅ ነበርኩ። ሌላው ስለ ፖለቲካው ይጽፋል፤ እኔ እንደ መምህር የማየው ግን ሌላ ነው። የዚህ አካባቢ ሰው ድምፅ ማውጣትና መረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ደም ከፍሎ ያውቃል። የማይገባውን ጽሑፍ «አነበብኩ» ብሎ ለመቀበል እምቢ ያለ ሕዝብ ልጆች ናችሁ። ታዲያ ፈተና ላይ ለምን ሳይገባችሁ ታልፋላችሁ?

አሁን ወደ ከባዱ ቁጥር። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች፣ ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት የጀመረ ጊዜ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015፣ 3.2 በመቶ። በ2016፣ 5.4 በመቶ። በ2017፣ 8.4 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ምናምኑ ወደቀ ማለት ነው። «ሰነፎች ስለሆኑ ነው» የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም። እቤት ወላይታቶ፣ መንገድ ላይ አማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንግሊዝኛ የሚል ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ ሦስት ቋንቋ ተሸክሞ የሚሄድ ልጅ ነው። ግን በሦስቱም ረጅም ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቦ አያውቅም። የሚያነበው ሐንድአውት፣ ሾርት ኖት፣ የቴሌግራም ወርክሺት ነው። ሁሉም የተቆራረጠ ነው። ፈተናው ደግሞ ረጅም ነገር ይሰጠዋል። ቤተ መጻሕፍቱ የተዘጋ፣ መጽሐፉ ለአምስት አንድ የሆነበት ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ይሄን ከየት ያምጣው? ንባብ ብቻ ይሄን ሁሉ ይፈታል አልልም። ከእጃችን ያለው ግን እሱ ነው፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

ወደ ልምምዱ እንግባ። አጭር ፓሴጅ ራሴ ጽፌያለሁ። ሆን ብዬ በአማርኛ፣ ሆን ብዬ ስለ ዕቁብ አደረግኩት፣ ቋንቋውም ጉዳዩም እንዳያስቸግራችሁ። እንግሊዝኛ ነው የሚጥለኝ የምትሉ፣ እስቲ በአማርኛው እንያችሁ፦

«የዕቁቡ አባል በተከታታይ ለሁለት ሳምንት ሳይከፍል ከቀረ፣ በቂ ምክንያት ለዳኛው ካላቀረበ በቀር፣ ዕጣው ቢወጣለትም ገንዘቡን የሚወስደው ከሌሎቹ አባላት በኋላ ነው። ምክንያቱ በቂ መሆን አለመሆኑን የሚወስነው ዳኛው ነው። ማንኛውም ዕጣ የወጣለት አባል ዋስ ሳይጠራ ገንዘብ አይቀበልም።»

ጥያቄ 1፦ አንድ አባል በመጀመሪያውና በሦስተኛው ሳምንት አልከፈለም፣ በሁለተኛው ግን ከፍሏል። ገንዘቡን መጨረሻ ላይ ነው የሚወስደው?
ጥያቄ 2፦ አንዲት አባል ታማ ሁለት ሳምንት በተከታታይ አልከፈለችም። መታመሟን ለዕቁቡ ጸሐፊ ነግራለች። በደንቡ መሠረት ተራዋ ይጠበቅላታል?
ጥያቄ 3፦ ከጽሑፉ ማወቅ የማይቻለው የቱ ነው? ሀ) ዋስ ያልጠራ ገንዘብ አይቀበልም። ለ) በተከታታይ ሁለት ሳምንት ያልከፈለ ከዕቁቡ ይባረራል። ሐ) ስለ ምክንያቱ የሚወስነው ዳኛው ነው።

ወደ ታች ከመሄዳችሁ በፊት መልሱ።

የመጀመሪያው መልስ አይደለም ነው። «በተከታታይ» የምትለዋን ቃል ጣታችሁን አድርጉባት። እሷን ያላየ ሁለት ሲደመር ሁለት ብሎ ይሳሳታል።

ሁለተኛው ላይ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ጫጫታ ይነሳል። «ታማ ነበር እኮ ቲቸር! ግፍ ነው!» ግፍ ሊሆን ይችላል፣ ግን ጥያቄው እሱ አይደለም። ደንቡ «ለዳኛው» ይላል፣ እሷ የነገረችው ለጸሐፊው ነው። ለዳኛው ብትነግረውም እንኳ በቂ ነው ብሎ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ከጽሑፉ ብቻ ተነስተን ተራዋ ይጠበቅላታል ማለት አንችልም። ልባችሁ የሚለውንና ጽሑፉ የሚለውን መለየት፣ የሕግ ትምህርት ግማሹ ይሄ ነው። በኋላ ጠበቃ ስትሆኑ ልባችሁ ወደ ሥራ ይገባል፦ «ጸሐፊው ለዳኛው ማድረስ ነበረበት» ብላችሁ ትከራከሩላታላችሁ። ግን መጀመሪያ ጽሑፉ ምን እንደሚል ማወቅ አለባችሁ።

ሦስተኛው ለ ነው። መባረር የሚል ቃል የለም። ፈታኞች ይቺን ወጥመድ ይወዷታል፤ ሊሆን የሚችል የሚመስል፣ ግን ያልተጻፈ ነገር።

በአማርኛም ከሦስቱ አንዱን የሳታችሁ ካላችሁ፣ ችግሩ እንግሊዝኛ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ይሄ መልካም ዜና ነው፣ ምክንያቱም አነባበብ በማንኛውም ቋንቋ ይለመዳል፣ ከዚያ ወደ ሌላው ይሻገራል።

የምመክረው አሠራር እንዲህ ነው፦

1. ስልካችሁ ላይ ሕገ መንግሥቱን በሁለቱም ቋንቋ አውርዱ። በቀን አንድ አንቀጽ ብቻ። መጀመሪያ አማርኛውን፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን አንብቡ። በ106 ቀን ታልቃለች። የእንግሊዝኛ ቃል የምትማሩት ከመዝገበ ቃላት ሳይሆን ከጎኑ ካለው አማርኛ ነው።

2. አንቀጹን ዘግታችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር በወላይታቶ ለእህታችሁ ወይም ለጓደኛችሁ ንገሩ። መናገር ካልቻላችሁ አልገባችሁም፣ ተመለሱ።

3. ትንንሾቹን ቃላት አድኑ። በአማርኛ «በቀር»፣ «ብቻ»፣ «ሆኖም»፣ «ወይም»፣ «እና»። በእንግሊዝኛ «አንለስ»፣ «ኦንሊ»፣ «ሃውኤቨር»። በተለይ «ሜይ» እና «ሻል»፤ አንዱ «ይችላል» ነው፣ ሌላው «አለበት» ነው። ሕግ ውስጥ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከሶዶ አዲስ አበባ ይበልጣል።

4. እያንዳንዱን መልስ «እንዲል» በሉት። ማስረጃው ያለበትን መስመር ካላገኛችሁ መልሱ ግምት ነው።

5. የተሳሳታችሁትን አማራጭ ለምን እንደመረጣችሁ በአንድ መስመር ጻፉ። «ያልተጻፈ ጨመርኩ»፣ «ቃል ዘለልኩ»፣ «ልቤን ሰማሁ»። ከሦስት ሳምንት በኋላ የራሳችሁን በሽታ ታውቁታላችሁ።

6. ሰዓት መያዝ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በዝግታ ያልገባው ሰው በፍጥነት አይገባውም።

ለወላጆችም አንድ ቃል። ልጃችሁ ቁጭ ብሎ ሲያነብ «ሥራ ፈታ» አትበሉት። ነገ ቀበሌ የሚመጣውን ወረቀት፣ የብድሩን ውል፣ የመሬቱን ካርታ አንብቦ የሚያስረዳችሁ እሱ ነው። አያቶቻችን አስተርጓሚ ፍለጋ ዶሮ ይዘው የሰው ደጅ ይጠኑ ነበር፣ እናንተ ግን እቤታችሁ እያሳደጋችሁት ነው።

የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ተከፍቶ ሕግ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ይሰጣል። ከዚህ ገጽ ተከታታዮች መካከልም ዛሬ ዳኛ፣ ዓቃቤ ሕግና ጠበቃ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ አላችሁ። እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ ከሥራችሁ አንዲት ቃል ጉዳዩን የለወጠችበትን ምሳሌ፣ የባለጉዳይ ስም ሳትጠሩ፣ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ለታናናሾቻችሁ ከማንኛውም ወርክሺት ይበልጣል።

ለ12ኛ ክፍሎች ደግሞ፦ የዕቁቡን ጥያቄ መልሳችሁን ከነ«እንዲሉ» ላኩልኝ፣ አርሜ እመልሳለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ይኸንኑ ፓሴጅ በእንግሊዝኛ አድርጌ አወጣዋለሁ።

መልካም ንባብ።